እረኛ ምን አለ? ከባምቢስ እስከ አፍሪካ አዳራሽ፦ የጥበብ ነፃነትና የአገር ፊት

በ2017 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት፣ ከባምቢስ በእግር በሚደረስበት ርቀት ላይ ሁለት ነገሮች በአንድ ሰሞን ሆኑ። ጥቅምት ላይ የአፍሪካ አዳራሽ ከዓመታት እድሳት በኋላ ዳግም ተመረቀ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ዋና ጸሐፊ ነበሩ፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ነበሩ፤ ለእድሳቱ የተመደበው ገንዘብ ከ50 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው። የአፈወርቅ ተክሌ መስታወቶች ተጠርገው፣ ተጠግነው እንደገና ፀሐይ አስገቡ። በዚያው ሰሞን ከአዳራሹ ጀርባ የካዛንቺስ ቤቶች ይፈርሱ ነበር። ከተነሡት መካከል ለብዙ ዓመታት የአዝማሪ ቤት ሆኖ የኖረው፣ ኋላም የባህል ማዕከል የሆነው ፈንዲቃ ይገኝበታል።

አንዱ ጥበብ ታደሰ፤ ሌላው ጥበብ ተነሣ። ሁለቱን ያገጣጠማቸው አጋጣሚ ነው፤ ማንም በአንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ አልወሰነባቸውም። ግን ጎን ለጎን ስናያቸው አንድ የቆየ ጥያቄ ይነሣል። ኢትዮጵያ በዓለም ፊት ስትቆም በጥበብ ሰዎቿ ትኮራለች። እንግዳ ሲመጣ ሙዚቃ ታሰማለች፤ ልዑክ ስትልክ ዘፋኝ ታስከትላለች። እነዚያኑ የጥበብ ሰዎች በአገር ውስጥ እንዴት ያዘቻቸው? ይህ ጽሑፍ ያንን ታሪክ ከአንድ ሰፈር ሳይርቅ ለመከተል ይሞክራል። ረዘም ይላል፤ ታገሡን።

▪️ የሰፈሩ ስም ከየት መጣ?

ባምቢስ የሱፐርማርኬት ስም ነው፤ የግሪክ ሰው ስም። ከጊዜ በኋላ ሰፈሩ ሁሉ በሱ ተጠራ። ካዛንቺስ ደግሞ ጣሊያንኛ ነው። በወረራው ዘመን የጣሊያን መንግሥት ሠራተኞችን የሚያሠፍር የቤቶች ድርጅት ነበር፤ ኢንቺስ ይባላል። “ካዛ ኢንቺስ” ማለት የኢንቺስ ቤቶች ማለት ነው። የአዲስ አበባ ሰው አፍ አሟሽቶ ካዛንቺስ አደረገው።

ስሙን ትቶልን የሄደው ያ ወራሪ ስለ ጥበብ ምን ያስብ እንደነበር ማወቅ ይጠቅማል። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ በአዲስ አበባ የደረሰውን ጭፍጨፋ ሁላችንም እናውቃለን። ብዙ ሰው ልብ የማይለው ከዚያ ቀጥሎ የመጣውን ትእዛዝ ነው። ግራዚያኒ ጠንቋዮችና ትንቢት ተናጋሪዎች፣ ከነሱም ጋር ከቦታ ቦታ እየዞሩ ታሪክ የሚያወሩና የሚዘፍኑ ሰዎች ተይዘው እንዲገደሉ አዘዘ። አዝማሪዎች በዚህ ምክንያት ተረሸኑ።

አውሮፕላንና መርዝ ጋዝ ያለው ጦር አንድ ገመድ ያለውን ማሲንቆ ለምን ፈራ? መልሱ የአዝማሪን ሥራ ለሚያውቅ ከባድ አይደለም። ሬዲዮ ባልነበረበት፣ ጋዜጣ ጥቂቶች በሚያነቡበት አገር ወሬን ከገበያ ወደ ገበያ፣ ከድግስ ወደ ድግስ የሚያደርሰው አዝማሪ ነበር። ደግሞም በሰምና ወርቅ ነው የሚናገረው። ወራሪው አስተርጓሚ ቢያቆም እንኳ የሚሰማው ሰሙን ነው፤ ወርቁ ለአገሬው ይቀራል። ሳንሱር ሊይዘው የማይችለውን ቃል ሲያጣ የሚናገረውን ሰው ያዘ።

የጥንት ነገሥታት ይህን ከግራዚያኒ በፊት ያውቁ ነበር። “እረኛ ምን አለ? አዝማሪ ምን አለ?” ብለው ይጠይቁ እንደነበር አባቶች ይነግሩናል። ጥያቄው የመዝናኛ ጥያቄ አልነበረም። ሹማምንቱ የሚደብቁትን እውነት ከማን እንደሚያገኙ ስላወቁ ነው የሚጠይቁት። ልዩነቱን ልብ በሉ፦ ብልህ ንጉሥ አዝማሪው ምን እንዳለ ይጠይቃል፤ ወራሪ ደግሞ አዝማሪውን ይገድላል። ከዚያ ወዲህ የመጡት መንግሥታት ሁሉ በነዚህ በሁለቱ መካከል ሲዋልሉ ኖረዋል።

▪️ አርባ ልጆች

ጥበብና የውጭ ግንኙነት በአገራችን የተጋቡት ከአፍሪካ አዳራሽ በፊት ነው። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ወደ ኢየሩሳሌምና ወደ አውሮፓ ሲጓዙ፣ ኢየሩሳሌም ላይ በአርመን ገዳም የሚያድጉ ወላጅ አልባ ልጆች የሙዚቃ ባንድ አዩ። ከእልቂት የተረፉ ልጆች ነበሩ። አርባዎቹን ከገዳሙ ጋር ተስማምተው ወደ አዲስ አበባ አመጧቸው። “አርባ ልጆች” የሚባሉት እነሱ ናቸው። የባንዱ መሪ ኬቮርክ ናልባንዲያን የኢትዮጵያን የንጉሠ ነገሥት ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሰ ሰው ሆነ። የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ደግሞ በኋላ በቴአትር ቤቶቻችን ሁለት ትውልድ ሙዚቀኛ አሠልጥኗል።

የዚያ ጉዞ ዲፕሎማሲያዊ ግቦች ምን ያህል ተሳኩ የሚለው ለታሪክ ባለሙያዎች የሚተው ነው። እኛ ጋ የቀረውና ዛሬም የሚሰማው ግን ሙዚቃው ነው። ማንም አቅዶት አልነበረም። አገር አልባ ለሆኑ ሕፃናት በር ተከፈተ፤ እነሱም አገሩን ዜማ ሰጡት።

▪️ መስታወቱን የሠራው ልጅ

የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በ1950 ዓ.ም. ሲቋቋም መቀመጫው አዲስ አበባ እንዲሆን ተወሰነ። ንጉሠ ነገሥቱ ለኮሚሽኑ ቤት ለመሥራት ቃል ገቡ። ሥራው ለጣሊያናዊው አርክቴክት አርቱሮ ሜዜዲሚ ተሰጠ፤ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ፊት ለፊት፣ በጣም በአጭር ጊዜ ውስጥ ተሠርቶ በ1953 ዓ.ም. ተመረቀ። ከወረራው ሃያ ዓመት በኋላ የአፍሪካ ቤት በጣሊያናዊ እጅ፣ በካዛንቺስ አፋፍ መሠራቱ ራሱ አንድ ነገር ይናገራል።

ወደ ውስጥ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ግን ግንቡን አይደለም፤ መስታወቱን ነው። 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍን፣ በሦስት የተከፈለ ባለቀለም መስታወት። አንዱ ያለፈውን የባርነትና የቅኝ ግዛት መከራ፣ አንዱ ትግሉን፣ አንዱ የሚመጣውን አፍሪካ ያሳያል፤ በመጨረሻው ላይ ችቦ የያዘ ቤተሰብ ወደ ብርሃን ይሄዳል። ይህን የሠራው አፈወርቅ ተክሌ ያን ጊዜ ገና ሠላሳ ዓመት አልሞላውም።

የአፈወርቅን ታሪክ የሚያውቅ ሰው አንድ ነገር ያስታውሳል። አንኮበር የተወለደው ይህ ልጅ ከጦርነቱ በኋላ ወደ እንግሊዝ የተላከው የማዕድን ምሕንድስና እንዲማር ነበር። አገሪቱ መሐንዲስ ያስፈልጋት ነበር፤ ዕቅዱም ትክክል ነበር። ልጁ ግን ሥዕል መረጠ። ለንደን በሚገኘው በስሌድ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተማረ። ተመልሶም በ1946 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት የመጀመሪያ የግል ትርኢቱን አቀረበ። “የተላክኸው ለዚህ አይደለም” ተብሎ ወደ ማዕድኑ ቢመለስ ኖሮ አንድ ተጨማሪ መሐንዲስ እናገኝ ነበር፤ መስታወቱ ግን አይኖርም ነበር። ለአንድ ወጣት የተተወለት የምርጫ ነፃነት ከዓመታት በኋላ የአገር ፊት ሆነ።

ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ መሪዎች በዚያ አዳራሽ የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን መሠረቱ። ሠላሳ ሁለት አገሮች በመሥራችነት ይቆጠራሉ። የካዛብላንካና የሞንሮቪያ ቡድን ተብለው ተከፋፍለው የመጡ መሪዎች ነበሩ። ያስማማቸው መስታወቱ ነው ማለት ሞኝነት ይሆናል፤ ከብዙ ወራት የዲፕሎማሲ ሥራ በኋላ የተገኘ ስምምነት ነው። ነገር ግን አዲስ አበባ የአህጉሪቱ መዲና የመሆን ጥያቄ ስታነሣ ያቀረበችው መከራከሪያ ዓድዋ ብቻ አልነበረም። አፍሪካን እንደ አንድ ሙሉ ታሪክ አድርጎ የሚያሳይ ሥዕል፣ በአፍሪካዊ እጅ ተሠርቶ፣ ግድግዳው ላይ ነበር። ከተለያየ አገር የመጣ ሰው ያለ አስተርጓሚ ያነበዋል።

የሳንቲሙ ሌላ ገጽታም አለ። አዳራሹ ሊመረቅ ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ በታኅሣሥ 1953 የክብር ዘበኛ መፈንቅለ መንግሥት ተሞክሮ ከሸፈ። የክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ የአገሪቱ ምርጥ ድምፆች የሚገኙበት ነበር። ከግርግሩ በኋላ ወጣቱ ጥላሁን ገሠሠ ለተወሰነ ጊዜ ታሰረ። የአህጉሪቱ እንግዶች የሚቀበሉበት አዳራሽ በሚጠራቀቅበት ሰሞን፣ ከዚያ በኋላ ግማሽ ምዕተ ዓመት የኢትዮጵያ ድምፅ የሚሆነው ሰው በጥርጣሬ ዓይን ይታይ ነበር።

▪️ እምቢ ማለት የሚችል አምባሳደር

በዚያ ዘመን ኃያላኑም በጥበብ ይፎካከሩ ነበር። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1956 ጀምሮ የጃዝ ሙዚቀኞቿን በመንግሥት ወጪ ወደ ውጭ መላክ ጀመረች፤ የመጀመሪያው ዲዚ ጊለስፒ ነበር። ሶቪየት ኅብረት የባሌ ዳንሰኞቿን ትልካለች። ጨዋታው ግልጽ ነው፦ “እዩን፣ ነፃ ነን” ወይም “እዩን፣ የሠለጠንን ነን”።

የአሜሪካ ችግር ጥቁር ሙዚቀኞቿን ስለ ነፃነት እንዲዘምሩ እየላከች በአገሯ ከነጭ ጋር በአንድ ትምህርት ቤት እንዳይማሩ መከልከሏ ነበር። በ1957 በሊትል ሮክ ከተማ ጥቁር ተማሪዎች ትምህርት ቤት እንዳይገቡ ሲታገዱ፣ ሉዊስ አርምስትሮንግ መንግሥት ያሰናዳለትን የሶቪየት ጉዞ እምቢ አለ። ፕሬዚዳንቱንም በይፋ ነቀፈ። በዋሽንግተን ብዙዎች አፈሩበት፤ ከሃዲ ያሉትም ነበሩ። በሦስት ዓመቱ ግን በአፍሪካ ከተሞች ሲዞር ሕዝብ በእልፍ ወጥቶ ተቀበለው። እምቢ ያለ ሰው “እሺ” ሲል ይታመናል። ሁልጊዜ “እሺ” የሚለውን ማን ያምነዋል?

ይኸው የጃዝ ዲፕሎማሲ በ1966 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ወደ እኛ ደረሰ። ዱክ ኤሊንግተን ባንዱን ይዞ አዲስ አበባ መጣ፤ ከንጉሠ ነገሥቱ ኒሻን ተቀበለ፤ ከሙላቱ አስታጥቄም ጋር ተገናኘ። ኤሊንግተን በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ አረፈ። ኒሻኑን የሸለሙት ንጉሥ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋን ወረዱ። በዚያች ምሽት አዲስ አበባ የደረሰው ሙዚቃ ከሁለቱም በላይ ኖረ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስታወስ ይገባል። ኤሊንግተን ሲመጣ ያገኘው የኢትዮጵያ ዘመናዊ ሙዚቃ በመንግሥት ዕቅድ ብቻ የተሠራ አልነበረም። ሸክላ ማስቀረጽና ማሳተም በንጉሡ ትእዛዝ የሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ መብት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ እሸቴ የተባለ ወጣት ነጋዴ ያንን ሞኖፖል ጥሶ የራሱን ማሳተሚያ ከፈተ። የመጀመሪያው ሸክላ የዓለማየሁ እሸቴ ነበር፤ ኅትመቱም ሕንድ አገር ተሠርቶ መጣ። ሊታሰር ይችል ነበር። አልታሰረም፤ አንዳንድ ጊዜ መንግሥት ዓይኑን ጨፈን ማድረጉ ራሱ ፖሊሲ ነው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ አምሃና እሱን የተከተሉት አሳታሚዎች ያወጧቸው ሸክላዎች ዛሬ ዓለም “የኢትዮጵያ ሙዚቃ” ብሎ የሚያውቀውን አብዛኛውን ክፍል ይዘዋል።

▪️ የሰዓት እላፊው ዘመን

ደርግ ጥበብን አልናቀም። እንዲያውም ከማንም በላይ ዋጋ ሰጣት፤ ችግሩም ይኸው ነበር። በየቀበሌው ኪነት ተቋቋመ፤ በየበዓሉ መድረክ ተተከለ። ግን የሚባለው ቃል አስቀድሞ ተጽፎ ይሰጣል። የሰዓት እላፊው የሌሊቱን ሕይወት ገደለው፤ ሙዚቀኛና ታዳሚ እስኪነጋ በሆቴል አዳራሽ ተቆልፈው ማደር ልማድ ሆነ። አምሃ እሸቴ ገና በመጀመሪያው ዓመት አገር ጥሎ ወጣ።

የበዓሉ ግርማ ነገር የታወቀ ነው። በማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ሥልጣን የነበረው ደራሲ በ1975 ዓ.ም. “ኦሮማይ”ን አሳተመ፤ መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፤ እሱ ከሥራ ተባረረ። የካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። መንግሥት የፈራው የውጭ ጠላትን አልነበረም። የቀይ ኮከብ ዘመቻን ከውስጥ ያየ ሰው ያየውን በልብ ወለድ ስም መጻፉን ነው የፈራው። ዛሬ ማንኛውም የውጭ አንባቢ ያን ዘመን ሊረዳ ሲፈልግ የሚያነሣው የዘመቻውን መግለጫ ሳይሆን ያንን የታገደ ልብ ወለድ ነው።

የዋልያስ ባንድ ታሪክ ደግሞ ሌላው ገጽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካን ለመዞር ሄዱ። ለአገሪቱ ስም ትልቅ ዕድል ነበር። ጉዞው ሲያበቃ ግን ኃይሉ መርጊያን ጨምሮ የተወሰኑት እዚያው ቀሩ። ኃይሉ ዋሽንግተን ውስጥ ለብዙ ዓመታት ታክሲ ነዳ፤ ተሳፋሪ በሌለበት ሰዓት ኪቦርዱን ከመኪናው እያወጣ ይለማመድ እንደነበር ራሱ ተናግሯል። ከሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላ አንድ አሜሪካዊ የሙዚቃ ሰብሳቢ የድሮ ካሴቱን ባሕር ዳር አግኝቶ አሳተመው፤ ኃይሉም ወደ ዓለም መድረኮች ተመለሰ። አስቡት፦ የኢትዮጵያ ምርጥ የባህል አምባሳደር በአሜሪካ ዋና ከተማ ሠላሳ ዓመት ኖሯል፤ ከኤምባሲው በር ላይ ተሳፋሪ አውርዶም ይሆናል።

መንግሥትም በበኩሉ ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ ዓለምን ለማመስገን “ሕዝብ ለሕዝብ” የተባለ ትልቅ የኪነት ጓድ ላከ። ሙያው ድንቅ ነበር፤ ዛሬም ምስሉን ያየ ሰው ይደነቃል። ግን የተላከው ጓድ ስለ ድርቁ መንስኤ በራሱ ቃል ሊናገር አይችልም ነበር። ምስጋናው ደረሰ፤ እውነቱ እቤት ቀረ።

የሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅንን ዕጣ ደግሞ ተመልከቱ። የአፍሪካ ኅብረት መዝሙር ግጥም የሱ ነው። የመሪዎች ጉባኤ በተከፈተ ቁጥር በአዲስ አበባ ይዘመራል። የዚያው ሰው ቴአትሮች ግን በተለያዩ ዘመናት ከመድረክ ወርደዋል። በየካቲት 1998 ዓ.ም. ያረፈው ለሕክምና በሄደበት በኒው ዮርክ ነው፤ አስከሬኑ መጥቶ በቅድስት ሥላሴ አረፈ። አህጉሪቱን ያዘመረ ሰው በአገሩ ቋንቋ የጻፈውን ለአገሩ ሰው ለማሳየት ፈቃድ ሲጠብቅ ኖረ። “ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል” የሚባለው ለዚህ ይሆን?

▪️ ሳንሱር ቀረ፤ ፈቃድ ግን አለ

በ1985 ዓ.ም. የወጣው የፕሬስ አዋጅ ሳንሱርን አስቀረ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ደግሞ በአንቀጽ 29 ሐሳብን በሥነ ጥበብ መልክ የመግለጽን መብት በስም ጠቅሶ አሰፈረ፤ ሳንሱርም በማንኛውም መልኩ የተከለከለ ነው አለ። አንቀጽ 41 መንግሥት የባህልና የታሪክ ቅርሶችን የመጠበቅ፣ ለሥነ ጥበብ መስፋፋትም አስተዋፅኦ የማድረግ ኃላፊነት አለበት ይላል። በወረቀት ደረጃ ከብዙ አገር የተሻለ ነው።

ሥራው ላይ ግን መቆጣጠሪያው ቦታ ቀየረ። ቀድሞ ጽሑፉ ላይ ቀይ እስክሪብቶ ያርፍ ነበር፤ አሁን ጥያቄው አዳራሹ፣ ፈቃዱና ቦታው ሆነ። በ2009 ዓ.ም. የቴዲ አፍሮ “ኢትዮጵያ” አልበም ወጣ። በቢልቦርድ የዓለም አልበሞች ሰንጠረዥ አንደኛ ሆነ። ማንኛውም የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በገንዘብ የማይገዛው ማስታወቂያ ነው፤ የአገሪቱ ስም ራሱ ርዕሱ ነበር። በዚያው ዓመት ነሐሴ መጨረሻ ላይ በሒልተን ሆቴል ሊደረግ የነበረው የአልበሙ ምረቃ ግን በፖሊስ ተቋረጠ። የተሰጠው ምክንያት የፈቃድ ጉዳይ ነበር። ሒልተን ከአፍሪካ አዳራሽ የድንጋይ ውርወራ ያህል ነው የሚርቀው። ዘፈኑን ማንም አልሰረዘም፤ የሚዘፈንበት ቦታ ብቻ ተነሣ።

በዚህ መካከል ሌላ ነገር ሆኖ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1997 ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለ ፈረንሳዊ የእነ አምሃን ዘመን ሸክላዎች “ኢትዮፒክስ” በሚል ስም በተከታታይ ማውጣት ጀመረ። ሠላሳ ያህል ቅጽ ደረሰ። በ2005 የጂም ጃርሙሽ ፊልም የሙላቱን ሙዚቃ ተጠቀመ፤ ዓለምም ስለ ኢትዮ ጃዝ ማውራት ጀመረ። ዛሬ በየኤምባሲው ግብዣ የምናሰማው፣ በአየር መንገዳችን የምንኮራበት ድምፅ የዚያ አጭር ዘመን ድምፅ ነው። አንድ መንግሥት ሊቆጣጠረው ያልቻለው፣ ሌላው መንግሥት ያስቆመው፣ ሦስተኛው ሳያስተውል የፈረንጅ አሳታሚ ከተረሳበት ያነሣው ድምፅ።

▪️ ፈንዲቃ

ወደ ካዛንቺስ እንመለስ። ይህ ሰፈር ለረጅም ጊዜ የአዝማሪ ቤቶች መናኸሪያ ነበር። ዝቅ ያለ ጣሪያ፣ ጠባብ ወንበር፣ ጠጅ ወይም ቢራ፣ ማሲንቆና ከበሮ። አዝማሪው የሚገባውን እያየ ይገጥማል፤ ባለሥልጣን ከገባ ለባለሥልጣን፣ ነጋዴ ከገባ ለነጋዴ። ሙገሳው ውስጥ ትንሽ መርፌ አይጠፋም። ታዳሚውም ግጥም ያቀብላል። ሁሉም ስቆ ይወጣል፤ ቤቱ ሲደርስ ነው የገባው።

ፈንዲቃ ከነዚህ አንዱ ነበር። መላኩ በላይ በወጣትነቱ በሽልማት ብቻ እየጨፈረ ያደገበት ቤት ነው፤ ኋላ ራሱ ተረክቦ የባህል ማዕከል አደረገው። የሥዕል ማሳያ፣ የግጥም ምሽት፣ ጃዝና አዝማሪ በአንድ ግቢ። ኢትዮ ከለር የተባለውን ቡድን ይዞ በብዙ አገሮች መድረክ ላይ እስክስታን አሳየ። ዘ ኤክስ ከተባለው የሆላንድ ባንድ ጋር ሠራ። ይህ ባንድ ሽለላን በሳክስፎን የሚጫወተውን ጌታቸው መኩሪያን በስተርጅናው ወደ አውሮፓ መድረክ ያወጣው ነው። የፈረንሳይ መንግሥት በ2015 እ.ኤ.አ. ለመላኩ የሥነ ጥበብና ሥነ ጽሑፍ ኒሻን ሰጠው። ለአዲስ አበባ እንግዳ የሆነ ዲፕሎማት ከጉባኤ ወጥቶ ኢትዮጵያን ማየት ሲፈልግ ፈንዲቃ ይሄድ ነበር። እዚያ ያገኘው የተዘጋጀ ትርኢት አይደለም፤ የሰፈር ሰው ከጎኑ ተቀምጦ፣ አዝማሪው እሱኑ በስም ጠርቶ እየገጠመበት።

ለዚህ ሁሉ የመንግሥት በጀት አልወጣም። ከተማው ሊታደስ ሲነሣ ግን ቤቱ እንደማንኛውም አሮጌ ቤት ተቆጠረ። ፈንዲቃ ስሙንና ባለሙያዎቹን ይዞ ሌላ ጣሪያ ሥር ገባ።

▪️ “ታዲያ ከተማው አይታደስ?”

ይህ ጥያቄ ተገቢ ስለሆነ በቀጥታ እንመልሰው። የካዛንቺስን አሮጌ ቤቶች የሚያወድስ ሰው በነሱ ውስጥ ያልኖረ ነው። አንድ መጸዳጃ ለአሥር ቤተሰብ፣ የሚያፈስ ጣሪያ፣ የእሳት አደጋ መኪና የማይገባበት መንገድ ቅርስ አይደለም። ከተማ ይለወጣል፤ መለወጥም አለበት። አዝማሪም ቢሆን ንጹሕ ውሃ ያስፈልገዋል።

ክርክሩ ስለ ጭቃው ግድግዳ አይደለም። አፍሪካ አዳራሽም አሮጌ ሕንፃ ነበር፤ ግን ሲታደስ መስታወቱ በጥንቃቄ ተይዞ፣ ባለሙያ ተጠርቶ፣ ወደ ቦታው ተመለሰ። ምክንያቱም “ይህ ሲጠፋ ምን እናጣለን?” ብሎ የጠየቀ አካል ነበር። ለአዝማሪ ቤት ያንን የሚጠይቅ አልነበረም። ደግሞ አዝማሪ ቤት ከመስታወት ይልቅ ለመንቀል የሚከብድ ነገር ነው። በእግሩ የሚመጣ ደንበኛ፣ ኪሱ የሚችለው ዋጋ፣ የሰፈሩን ወሬ የሚያውቅ ታዳሚ ከሌለ አዝማሪው ምን ይገጥማል? ትልቅ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ሲገባ ማሲንቆው ያው ነው፤ የሚሰማው ግን ተለወጠ። መርፌው ይቀራል፤ ሙገሳው ብቻ ይተርፋል።

ሌላው የሚነሣው ሙግት “አገር በችግር ላይ እያለ የጥበብ ነፃነት ቅንጦት ነው፤ ነፃ የተለቀቀ አርቲስት በውጭ ፊት ያዋርደናል” የሚል ነው። ከላይ ያየነው ታሪክ ተቃራኒውን ይናገራል። አዋረዱን የተባሉት ናቸው ያስከበሩን። ጸጋዬን ያገደው ባለሥልጣን ስሙን ዛሬ ማንም አያስታውስም፤ የጸጋዬ ግጥም ግን በመሪዎች ፊት ይዘመራል። “ኦሮማይ”ን ከመደርደሪያ ያነሣው እጅ ጠፋ፤ መጽሐፉ አለ። የባህል ዲፕሎማሲ ከሌላው ዲፕሎማሲ የሚለየው በዚህ ነው። መልእክተኛው የራሱ አንደበት ከሌለው መልእክቱን ማንም አይሰማውም። የውጭ ሰው የታዘዘ ፈገግታን ለይቶ ያውቃል።

▪️ ምን ይደረግ?

ብዙ ገንዘብ የማይጠይቁ ነገሮች አሉ። የከተማ ፕላን ሲዘጋጅ የሙዚቃ ቤቶች፣ ቴአትር ቤቶችና የአዝማሪ ቤቶች ከነታዳሚያቸው ተመዝግበው፣ መነሣት ካለባቸው በአዲሱ ግንባታ ውስጥ በቀድሞ ኪራያቸው የሚመለሱበት ቦታ ይያዝ። የመድረክ ፈቃድ ሲከለከል ምክንያቱ በጽሑፍ፣ በተወሰነ ቀን ውስጥ ይሰጥ፤ አንቀጽ 29 በፖሊስ ጣቢያ በር ላይ እንዳይቆም። በሬዲዮና በቴአትር ቤቶች ግምጃ ቤት አቧራ የለበሱት ቅጂዎች በእኛው እጅ ይዳኑ፤ ሌላ ፋልሴቶ እስኪመጣ አንጠብቅ። ኤምባሲዎቻችንም ለበዓል እንግዳ ሲጠሩ የሚያሞግሳቸውን ብቻ አይምረጡ። እምቢ ማለት የሚችለውን ይጥሩት፤ እሺ ካለ ትልቅ ነገር ነው።

ግራዚያኒ የማሲንቆን ክብደት አውቆ ነው የገደለው። ነገሥታቱም ክብደቱን አውቀው ነው “ምን አለ?” ብለው የጠየቁት። የዛሬው ካዛንቺስ ሰፊ መንገድና ረጃጅም ሕንፃ ይኖረዋል፤ መልካም ነው። ጥያቄው በዚያ ሕንፃ ውስጥ የሚቀመጠው ሹም ማታ ላይ አዝማሪው ምን እንዳለ ለማወቅ ቢፈልግ፣ የሚጠይቀው ሰው ያገኝ ይሆን የሚለው ነው።

በካዛንቺስና በባምቢስ አካባቢ የነበሩ የሙዚቃና የአዝማሪ ቤቶችን የምታስታውሱ አንባቢያን ስማቸውንና ዘመናቸውን በአስተያየት መስጫው አስፍሩልን። ቸር እንሰንብት።